ለቆላ አገር የሚስማማ ቤትና የነጋዴው ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ1902 ሁለት ነገሮች በዓለም ሁለት ማዕዘን ተፈጸሙ። አንደኛው፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዛሬ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰና በጣቢያው ዙሪያ አዲስ የንግድ ከተማ ተቆረቆረች። ሁለተኛው፣ በአሜሪካ አገር በብሩክሊን ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት መሐንዲስ ለአንድ ማተሚያ ቤት የአየሩን እርጥበትና ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈ፤ ይኸውም ዛሬ ኤር ኮንዲሽነር ለምንለው መሣሪያ መነሻ ሆነ። በዚያን ጊዜ እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያገናኛቸው አንዳችም ጉዳይ አልነበረም። ዛሬ ግን በቆላ ከተሞቻችን ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሁሉ ከግንበኛው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ስለ መሣሪያው ዋጋ ይጠይቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙዎቹ አንባቢዎቻችን የሚነግዱት ዕቃ ነውና። ዓላማችን፣ ቤቱ በራሱ አሠራር ሙቀትን እንዴት ሊከላከል እንደሚችል ማስረዳትና፣ በዚህም ረገድ አስመጪው፣ ላኪውና ባለ ሱቁ ምን ድርሻ እንዳላቸው ማሳሰብ ነው። በቆላ ከተማ የሚሠራው ቤት ቀዝቃዛ ወይም ምድጃ የሚሆነው መሐንዲሱ በሚሥለው ፕላን ብቻ አይደለምና፤ ባለ ሱቁ በመደርደሪያው ላይ በሚያስቀምጠውም ዕቃ ጭምር ነው።

የአንድ ቤተሰብ ሁለት ቤቶች

በድሬዳዋ የሕንፃ መሣሪያ የሚነግዱ አንድ ወዳጃችን ሙቀቱ በበረታበት ወራት ቤታቸው ጋብዘውን ነበር። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ለመኑን አንጽፈውም። እኒህ ሰው ከብዙ ዓመት የንግድ ድካም በኋላ ለቤተሰባቸው አዲስ ቤት ሠርተዋል። ግድግዳው ቀጭን ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ከቆርቆሮው ሥር የተጠጋ፣ መስኮቶቹም ሰፋፊ መስተዋት ሆነው መንገዱን እንዲያዩ ወደ ምዕራብ የተከፈቱ ናቸው። ቤቱ ከውጭ ሲመለከቱት ያምራል፤ የባለቤቱንም ትጋት ይመሰክራል። ነገር ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳሎን ውስጥ ለመቀመጥ አልተቻለም። መብራት በዚያን ዕለት ጠፍቶ ስለ ነበር ሁለቱ ኤር ኮንዲሽነሮች ዝም ብለው ተሰቅለዋል፤ እኛም ወንበራችንን ይዘን ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ወጣን።

«እናትዎ የት ናቸው?» ብለን ብንጠይቃቸው ፈገግ አሉና፣ «እናቴማ መጋላ ባለው በአሮጌው ቤታችን ቀሩ። ሦስት ጊዜ ዕቃቸውን አስጭኜ አመጣሁ፤ ሦስት ጊዜም ተመለሱ። ‹ልጄ፣ ቤትህ ያምራል፤ ነገር ግን ፀሐይ ሲወጣ ከእኔ ጋር ይጣላል› አሉኝ» ብለው መለሱልን። ወደ ማታ ወደ አሮጌው ቤት ይዘውን ሄዱ። ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ሲሆን በኖራ የነጣ ነው፤ መስኮቶቹ ጠባብና ከፍ ያሉ ናቸው፤ በበሩ ፊት ጥላ የሞላበት በረንዳ አለ፤ ከጥጉም የውሃ ጋን ተቀምጧል። እኒያ ትልቅ እመቤት በቀዝቃዛው መደብ ላይ ተቀምጠው ቡና አስቀረቡልን። ልጃቸውም ወደ እኛ ዘንበል ብለው፣ «ወንድሞቼ፣ ለከተማው ሁሉ ቆርቆሮ ስሸጥ ኖሬ በገዛ ቆርቆሮዬ ሥር መዋል አቃተኝ» አሉን።

ይህን ታሪክ የጻፍነው ለጨዋታ ብለን አይደለም። እኒህ ሰው ለቤታቸው ያወጡት ገንዘብ እናታቸውን ከቤታቸው አላስገባላቸውምና፣ ኪሳራው በሒሳብ መዝገብ የማይገባ ኪሳራ ነው።

ሙቀት ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ

ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ትገኛለች። በእንደዚህ ያለ አገር ፀሐይ በቀትር ጊዜ ከራስ በላይ ለመቆም ጥቂት ብቻ ይቀራታል። ስለዚህም ከቤቱ ክፍል ሁሉ ይበልጥ የሚመታው ጣሪያው ነው። ቀጥሎ የሚመቱት የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳዎች ናቸው፤ ጧትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመታቸው ምንም ዓይነት የጣሪያ ክንፍ አያድናቸውም። ከሁለቱም የሚከፋው ምዕራቡ ነው፤ አየሩ ቀኑን ሙሉ ከሞቀ በኋላ የሚመጣ ፀሐይ ነውና።

የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ ግን በቀላሉ የሚጠለል ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ እጅግ ወደ ደቡብ ባዘነበለች ጊዜ እንኳ በቀትር ከአድማስ በላይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ 1 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የጣሪያ ክንፍ 1 ሜትር ተኩል ያህል የደቡብ ግድግዳ ያጠላል። በሰኔ ወር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ከፍታዋ 76 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ያው 1 ሜትር ክንፍ 4 ሜትር የሚሆን የሰሜን ግድግዳ ይጋርዳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤቱ በርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ሰፊ ፊቱን ለሰሜንና ለደቡብ ይስጥ፤ ጠባብ ጎኑን ለምሥራቅና ለምዕራብ ያቅርብ። ይህን ለማድረግ በመሠረት ቁፋሮ ቀን አንድ ሳንቲም ተጨማሪ ወጪ የለበትም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን በማናቸውም ገንዘብ አይታረምም።

ስለ ቆርቆሮም አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ብርሃኑን ስለሚመልስ የማይሞቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ ለመልቀቅ ሰነፍ ስለሆነ እጅ የማያስነካ ይሆናል። ሲዝግ ደግሞ የሚመልሰውን ብርሃን እንኳ ይውጣል። ነጭ የጣሪያ ቀለም የተቀባ እንደሆነ ግን ሁለቱንም ሥራ ያከናውናል፤ አብዛኛውን ብርሃን ይመልሳል፤ የዋጠውንም ቶሎ ይለቃል። ይህም ሆኖ ነጭ ኖራ በቆርቆሮ ላይ ጸንቶ ስለማይቆይ ዝናብ ያጥበዋል፤ ኖራው ለግንብና ለጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ፣ ቀለሙም ለቆርቆሮው መሆኑን ባለ ሱቁ ለገዢው ቢነግረው መልካም ነው።

የካይሮው ፈተና

ወፍራም የአፈር ግድግዳ የድህነት ምልክት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ የሚሆን መልስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1964 በካይሮ ከተማ ተገኝቷል። ሐሰን ፋቲ (እ.ኤ.አ. 1900–1989) የተባለው የግብፅ የሥነ ሕንፃ ሊቅ ስለዚሁ ፈተና ጽፏል። ሁለት ክፍሎች በአንድ ቦታ ተሠሩ። አንዱ ግድግዳው 50 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ጣሪያውም ቅስት የሆነ የጭቃ ጡብ ነበር። ሁለተኛው ግድግዳውም ጣሪያውም 10 ሳንቲሜትር ከሆነ የኮንክሪት ገበታ ተገጣጠመ። በሁለቱም ውስጥ ሙቀቱ ሌት ከቀን ተለካ። በጭቃ ጡቡ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሲለዋወጥ፣ በኮንክሪቱ ክፍል ውስጥ እስከ 36 ዲግሪ ወጣ፤ ይኸውም ከጭቃ ጡቡ ክፍል 13 ዲግሪ፣ ከውጭው አየርም 9 ዲግሪ የበለጠ ማለት ነው። የኮንክሪቱ ክፍል ነዋሪ ከቤቱ ቢወጣ ይሻለው ነበር።

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ሙቀት በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል፤ 40 ሳንቲሜትር የሚያህለውን ግንብ ለማቋረጥ በግምት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጅበታል። የቀትሩ ሙቀት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ሌሊት፣ የውጭው አየር በቀዘቀዘና መስኮት በሚከፈትበት ጊዜ ነው። ማለዳ ደግሞ ግንቡ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ይጠብቃል። እንግዲህ ወፍራም ግድግዳ እንደ ጎተራ ነው፤ በሌሊት የተገኘውን ቅዝቃዜ አስቀምጦ በቀን ያበላል።

ይሁን እንጂ ከሐሰን ፋቲ ሥራ ሌላም ትምህርት አለ። እርሱ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለውን መንደር በጭቃ ጡብ መሥራት ጀመረ፤ የንፋስ መሳቢያ ማማዎችና አደባባዮችም ሠራበት። መንደሩ የታሰበው በጥንት መቃብሮች ላይ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ለማዛወር ነበር። ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ ለመሄድ አልፈቀዱም፤ ሥራውም ሳይፈጸም ቆመ። ቤት የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ የሚኖርበት ሰው ካልወደደው ባዶውን ይቀራል። የድሬዳዋው ወዳጃችንም እናት ይህንኑ በሌላ መንገድ ነግረውናል።

የቀደሙት ሰዎች ያወቁት

የሐረር ጁገል ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፣ በኖራ የነጡ፣ በግቢ የተከበቡ ናቸው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በከንቱ አይደለም። የቀድሞው ጣሪያቸው ጠፍጣፋ፣ በእንጨት ላይ አፈር የተደለደለበት ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ቆርቆሮ ተተክቷል። በኢራን አገር የያዝድ ከተማ ሰዎች በቤታቸው አናት ላይ የንፋስ ማማ ያቆማሉ፤ ማማው ከላይ ያለውን ንፋስ ስቦ ወደ ክፍሉ ያወርዳል፤ ንፋስ በሌለ ጊዜም የሞቀው አየር በእርሱ ሽቅብ ይወጣል። የአፋር ሴቶች ደግሞ ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ቤት ምንም ውፍረት የለውም፤ በግመል ተጭኖ ይሄዳል፤ በሰሌኑ በኩል ንፋስ ይገባል።

እነዚህን ስናነጻጽር አንድ ሕግ እናገኛለን። አየሩ ደረቅ በሆነበት፣ ሌሊቱም ከቀኑ በጣም በሚቀዘቅዝበት አገር ወፍራም ግድግዳና ጠባብ መስኮት ይጠቅማል። አየሩ እርጥብ በሆነበት፣ ሌሊቱም እንደ ቀኑ በሚሞቅበት አገር ግን ወፍራም ግድግዳ ሙቀቱን ከነዋሪው ጋር ያሳድረዋል፤ በዚያ የሚያስፈልገው ቀላል ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ወለል፣ ሰፊ ጥላና ንፋስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ለድሬዳዋ የተመከረውን እንዳለ ወስዶ በጋምቤላ የዝናብ ወራት መሥራት ስሕተት ነው።

ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ቤት

ከዚህ በላይ የተባለውን በአንድ ላይ ብንሰበስበው፣ በደረቁ ቆላ ለሚሠራ የቤተሰብ ቤት የሚከተለው አሠራር ይስማማል።

ሳሎኑና የቀን ክፍሎቹ ከድንጋይ ወይም ከተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ 40 ሳንቲሜትር ያህል ግድግዳ ይኑራቸው። በሌሊት ብቻ የሚያገለግሉት መኝታ ቤቶች ፀሐይ ሲገባ ቶሎ እንዲቀዘቅዙ ቀለል ያለ ግድግዳ ቢኖራቸው ይሻላል። በምዕራብ በኩል ዕቃ ቤት ወይም ገላ መታጠቢያ ይቁም፤ የቤተሰቡን መቀመጫ ከምዕራቡ ፀሐይ የሚከልል ጋሻ ይሆናል። ዛፍ ካለ ደግሞ ከግንብ የበለጠ ጥላ ነው።

በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ባዶ ቦታ ይተው፤ በሁለቱም ጫፍ ወንፊት የተገጠመለት የአየር ቀዳዳ ይደረግለት። የሞቀው አየር በዚያ ሲወጣ ኮርኒሱ እንደ ሁለተኛ ጣሪያ ይሆናል። ከመስኮቶቹ አንዳንዶቹ ዝቅ ብለው፣ ሌሎቹ ወደ ኮርኒሱ ተጠግተው ይከፈቱ፤ ቀዝቃዛው አየር በታች ሲገባ ሞቃቱ በላይ ይወጣል። መስኮት በሌሊት ይከፈት፤ በቀን ይዘጋ። በደረቁ ቆላ በቀትር መስኮት መክፈት ምድጃ መክፈት ነው። በሌሊት ለመክፈት ግን የትንኝ ወንፊትና ሌባ የማያሳልፍ ብረት ያስፈልጋል፤ እነዚህ ከሌሉ ሰው ፈርቶ ይዘጋዋል፤ ያን ጊዜም የግድግዳው ጥቅም ሁሉ ይጠፋል።

ወጥ ቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ በነፋሱ መውረጃ በኩል ይሠራ። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት የሚበልጥ ኃይል የሚወስድ ስለሆነ በቤት ውስጥ ምጣድ መጣድ ትልቅ የማሞቂያ ምድጃ እንደ ማብራት ይቆጠራል። በበረንዳው ላይ የሚቀመጠው የሸክላ ጋንም የአባቶች ጌጥ ብቻ አይደለም። ከጋኑ ገላ 1 ሊትር ውሃ በተነነ ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ ኪሎዋት ሰዓት ጋር የሚተካከል ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ነገር ግን ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባንም። 10 ሜትር በ8 ሜትር በሆነ ቤት ላይ የውጩን ግድግዳ ከ20 ወደ 40 ሳንቲሜትር ማወፈር 7 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይወስዳል፤ መሬት በተወደደበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም የሚበልጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ለሁላችን ማስጠንቀቂያ ነው። ከባድ ግንብ በጭቃ ብቻ ተያይዞ ሲቆም አደገኛ ስለሆነ፣ በመሠረቱ፣ በመስኮቶቹ አናትና በጣሪያው ሥር ፌሮ ያለበት የኮንክሪት መቀነት እንዲታጠቅ፣ ይህም በመሐንዲስ እንዲታይ አጥብቀን እንመክራለን።

የነጋዴው ድርሻ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። 1 ኪሎዋት የሚወስድ ኤር ኮንዲሽነር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በ30 ቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 70 ዋት የሚወስድ የኮርኒስ ቬንቲሌተር ያንኑ ያህል ሰዓት ቢሽከረከር ከ17 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። በደንብ በተሠራ ቤት ውስጥ ቬንቲሌተሩ ለብዙው ቀን ይበቃል፤ ኤር ኮንዲሽነሩም ለታመመ፣ ለሽማግሌና ለሕፃን በአንድ ክፍል ብቻ ይቀመጣል። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በዓለም ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ 10 በመቶ የሚጠጋው ለኤር ኮንዲሽነርና ለቬንቲሌተር እንደሚውል ገልጧል። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረገው ስምምነት በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኙት ጋዞች ቀስ በቀስ እንዲቀነሱ ስለሚያዝዝ፣ አስመጪዎች መሣሪያ ከማዘዛቸው በፊት የጋዙን ዓይነት መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ነገ መሙያ የማይገኝለትን ዕቃ አስመጥቶ ደንበኛን ማሳዘን ስም ያጠፋልና።

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ሁሉ ላይ ጥንቃቄ ማስፈለጉን አንባቢዎቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ድንጋይ፣ ኖራና አፈር ግን በዶላር አይገዙም። ድሬዳዋ በኖራ ድንጋይ የታደለች፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ የሲሚንቶ ፋብሪካም የኖራት ከተማ ናት። ከውጭ የሚያስፈልገው ጥቂት ዕቃ ብቻ ነው፤ ይኸውም ነጭ የጣሪያ ቀለም፣ ጠንካራ የትንኝ ወንፊት፣ ፐርሲያና፣ የኮርኒስ ቬንቲሌተርና በእጅ የሚሠራ የአፈር ጡብ መጭመቂያ ነው። የዚህ መጭመቂያ ታዋቂው ዓይነት ሲንቫ ራም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በኮሎምቢያ አገር የተሠራ ሲሆን፣ ጥቂት ሲሚንቶ የተቀላቀለበትን አፈር በሰው ክንድ ኃይል ጨምቆ ጡብ ያወጣል። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ በአገር ውስጥ የብረታ ብረት ሠራተኞች ሊሠራ ይችላል።

ላኪዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። ለቤት የሚሠራው ሕግ ለመጋዘንም ይሠራል። በሞቀ ቆርቆሮ ሥር የከረመ የሐረርጌ ቡና ጣዕሙን ያጣል፤ ጣዕሙን ያጣ ቡናም ከገዢው ዘንድ ዋጋውን ያጣል። ነጭ ቀለም የተቀባ ጣሪያ፣ የአየር ቀዳዳና ወደ ምዕራብ ያልተከፈተ በር መጋዘንን ለማዳን ታላቅ ወጪ አይጠይቁም። ባለ ሱቁም ቢሆን ሳሙናው የሚቀልጥበት፣ ከረሜላው የሚጣበቅበት ከምዕራቡ ፀሐይ የተነሣ መሆኑን ካወቀ በሱቁ ፊት ሸራ መዘርጋት አይቸግረውም።

ለመፈጸሚያም ወደ ድሬዳዋው ወዳጃችን እንመለስ። ከተሰናበትናቸው ጥቂት ወራት በኋላ በሥራ ምክንያት ስንገናኝ ጣሪያቸውን ነጭ ማስቀባታቸውን፣ የምዕራቡን መስተዋት በግማሽ አስገንብተው በፊቱ ሰፊ በረንዳ ማሠራታቸውን፣ በኮርኒሱም ጫፍ ቀዳዳ ማስከፈታቸውን ነገሩን። ቤቱ እንደ አባታቸው ቤት አልቀዘቀዘም፤ ቀጭን ግድግዳ በኋላ አይወፍርምና። «ሆኖም» አሉን፣ «እናቴ ባለፈው እሑድ መጥተው በበረንዳው ላይ እስከ ማታ ተቀመጡ። ለማደር ግን ገና እሽ አላሉኝም።» ደግሞም ወደ ሱቃቸው የሚመጣውን ገዢ ሁሉ ቆርቆሮ ከመሸጣቸው በፊት፣ «ቤትህ ፊቱን ወዴት ነው የሚያዞረው?» ብለው መጠየቅ እንደ ጀመሩ አጫወቱን። የቆላ ከተሞቻችን ነጋዴዎች ሁሉ ይህችን አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚሠራው ቤት እናቶችን የማያባርር ይሆናል።